ዋርሃመርን ለሚጀምር ልጅ የትኛው ልቦለድ ይቅደም? የወሎ ልጆች ክርክር

ጥያቄውን በኢንተርኔት ውይይት ክር (ጥያቄና መልሶቹ ተከታትለው በሚጻፉበት) ላይ ያነሳችው የደሴ ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ስፔስ ማሪን 2 የሚባለውን ጌም ሌሎች ሲጫወቱ በዩቲዩብ ያያል። ከዚያ ወዲህ ስለ ዋርሃመር 40,000 ካልሆነ ሌላ ወሬ የለውም፤ ቤተሰቡን አላስቀምጥ ብሏል። እሷ ደግሞ ቪዲዮውን ትቶ ቢያነብ ደስ ይላታል። እንግሊዝኛው ደህና ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጽሐፍ ሊያመጣላት ተስማምቷል፤ ሻንጣው ግን ከአንድ በላይ አይችልም። እናም አንድ ብቻ እንድንመርጥላት ለመነችን።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ዋርሃመር 40,000 ሲጀመር የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ነው። ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 አወጣው። ተጫዋቾች ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮችን ገጣጥመው፣ ቀለም ቀብተው፣ ዳይስ እየጣሉ ያዋጓቸዋል። ታሪኩ የሚካሄደው ወደፊት፣ በ41ኛው ሺህ ዓመት ነው። የሰው ልጅ ግዛት ጋላክሲውን ሞልቶታል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አሥር ሺህ ዓመት ሙሉ በወርቅ ዙፋን ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አልሞተም፣ አልዳነም። ግዛቱ በስሙ ይገዛል፣ በስሙ ይገድላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1997 ብላክ ላይብረሪ የተባለ የራሱን አሳታሚ ክፍል ከፈተ። ልቦለዶቹ ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ጀማሪ ከየት ልጀምር ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

መልስ 1 ወዲያው መጣ። የዳን አብኔት ሆረስ ራይዚንግ ነው አለ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። መልስ 2 ደገፈው። ነገር ከሥሩ ይጀመራል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ይህ መጽሐፍ ሆረስ ሄረሲ የተባለው ረጅም ተከታታይ መክፈቻ ነው። ተከታታዩ የንጉሠ ነገሥቱ ተወዳጅ ልጅ ሆረስ በአባቱ ላይ እንዴት እንዳመጸ ይተርካል። ግዛቱ ለምን እንዲህ እንደተበላሸ የሚነግረን ይኸው ታሪክ ነው።

መልስ 3 ቆጣ ያለ ሰው ነው፤ ከወልድያ ይጽፋል። ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ጀማሪ ያባርራሉ አለ። ቁጥሩንም ዘረዘረ። ሆረስ ሄረሲ 54 መጻሕፍት አሉት። እነሱ ሲያልቁ ሲጅ ኦፍ ቴራ የተባለ ሌላ ተከታታይ ይከተላል፤ እሱም የመጨረሻው ክፍል ለብቻው ሦስት ሆኖ በአሥር ቅጽ ነው ያለቀው፤ መደምደሚያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለምታመጣ እህት ይህን መምከር ደግ አይደለም አለ።

ከቁጥሩ በላይ የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያነሳው ነው። ሆረስ ራይዚንግ የሚያሳዝነው መጨረሻውን ለሚያውቅ ሰው ነው አለ። ሆረስ በመጽሐፉ ውስጥ ደግ፣ ተወዳጅ፣ ወታደሮቹን የሚያከብር አዛዥ ነው። ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አንባቢ እያንዳንዷ ደግነቱ ታመዋለች። የማያውቅ ልጅ ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን ሳያውቅ እንደሚቀመጥ እንግዳ ነው የሚሆነው። ይህ አነጋገሩ ብዙ ሰው ገባው።

መልስ 4 አልተቀበለውም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት ለብቻቸው አንድ ሙሉ ታሪክ ስለሆኑ 54ቱን ማንበብ ግዴታ አይደለም አለ። እውነት አለው። እኔ ግን ወደ መልስ 3 አደላለሁ፤ ሌላም ምክንያት አለኝ። የሆረስ ዘመን ልጁ በቪዲዮ ካየው ዓለም በአሥር ሺህ ዓመት ይቀድማል። በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ እንደ አምላክ እንዳይመለክ ይከለክላል። በ41ኛው ሺህ ዓመት ደግሞ የማያመልከው ይቃጠላል። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ጀማሪ ግራ መጋባቱ አይቀርም።

መልስ 5 ከኮምቦልቻ ነው። ክሩን ወደ ቁም ነገሩ ያመጣው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ዜኖስን አቀረበ። ደራሲው ያው ዳን አብኔት ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001። ባለታሪኩ ግሬጎር አይዘንሆርን የሚባል መርማሪ ነው። የግዛቱን ድብቅ ጠላቶች እያደነ ከዓለም ዓለም ይዞራል። ራሱ፣ በራሱ አንደበት ነው የሚተርከው። መጽሐፉ ሲከፈት ለወራት ጨለማ የሚወርድባት ዓለም ላይ ነን። ባለጠጎቿ ያን ጊዜ በበረዶ መቃብር ውስጥ ተኝተው ያሳልፉታል። አንድ ወንጀለኛ እዚያ ይገባል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የተኙ ሰዎች ያልቃሉ። መርማሪው ለምን የሚለውን ይዞ ይነሳል፤ መጽሐፉም ከዚያ ይቀጥላል።

መልስ 6 ምክንያቱን አጠናከረ። ሌሎቹ መጻሕፍት በአብዛኛው ጦር ግንባር ላይ ናቸው። ይህ ግን ተራው ሕዝብ የሚኖርበትን ዓለም ያሳያል። ገበያ አለ፣ ቢሮ አለ፣ የመኳንንት ግብዣ አለ፣ መርከብ ላይ የሚነግድ ሰው አለ። አንባቢው ከመርማሪው ጋር እየሄደ የሚያስፈልገውን ያውቃል። የወታደር ክፍሎችን ስም መሸምደድ አይጠበቅበትም። ደግሞም ታሪኩ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል። ማሌየስና ሄረቲከስ የሚባሉ ሁለት ቀጣዮች አሉት፤ ልጁ ካልወደደው ግን ምንም ሳይጎድልበት ማቆም ይችላል። ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ጀማሪ መጨረስ አለበት። አንድ መጽሐፍ የጨረሰ ልጅ ሁለተኛውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል።

መልስ 7 ሁላችንም አያ እያልን የምንጠራቸው ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ዋርሃመርን አንብበው አያውቁም፤ ስለ ንባብ ግን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በመካከላችን የለም። እህታችን ሰው የወደደውን ከማምጣቷ በፊት ልጁ እንዲሞክር መከሩ። የመጽሐፉ መጀመሪያ ገጾች ለናሙና በኢንተርኔት ከተገኙ ጮክ ብሎ ያንብብላት አሉ። ቃል ባያውቅ ችግር የለም። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ትንፋሽ ካጠረውና ማን ምን እንዳደረገ ሊነግራት ካልቻለ ግን መጽሐፉ ገና ነው። ሌላም ጨመሩ። ደራሲው የፈጠረውን ቃልና እውነተኛውን የእንግሊዝኛ ቃል ለይቶ ካላወቀ ልጁ ቀኑን ሙሉ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ይውላል፤ ስለዚህ የተፈጠሩትን ቃላት አንድ የሚያውቅ ሰው ጽፎ ቢሰጠው ጥሩ ነው። ይህን ሐሳብ በጣም ወደድኩት። መልስ 5 እዚያው ዝርዝሩን እንደሚያዘጋጅ ቃል ገባ።

መልስ 8 የአይዘንሆርንን ሦስት መጻሕፍት መጨረሻ እንዳለ ዘረገፈው። መልስ 9 እና 10 ጮኹበት። ልጁ ክሩን ቢያነብስ? ጽሑፉ ተሰረዘ፤ ሰውየው ግን ይቅርታ አልጠየቀም።

መልስ 11 ሳቅ ይዞ መጣ። በሳንዲ ሚቸል የተጻፈውንና እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ፎር ዘ ኤምፐረር አቀረበ። ባለታሪኩ ኬይፈስ ኬን ይባላል። በግዛቱ ሁሉ ጀግና ነው ተብሎ ይወደሳል። እሱ ግን በማስታወሻው ራሱን ፈሪ ነኝ ይላል፤ ከሞት ለመሸሽ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ወደ ባሰ አደጋ ወስዶ ጀግና ያሰኘዋል። አንዲት መርማሪ ደግሞ ማስታወሻውን እያረመች በግርጌ ትተቸዋለች። መልስ 12 መጽሐፉን ይወደዋል፤ ለመጀመሪያ ግን አይሆንም አለ። ቀልዱ የሚያስቀው የዚያን ዓለም ጭካኔ ለለመደ ነው። እኔም እንደዚያው አስባለሁ። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቢሆን ልጁ ይስቅበታል።

መልስ 13 የሐይቅ አባት ናቸው። በትሕትና ጠየቁ። የእሳቸውም ልጅ ይህን ነገር ይወዳል። ቪዲዮውን አብረውት ሲያዩ አጋንንት አሉበት፤ ሰው እንደ ፈጣሪ ይመለክበታል። እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ለልጁ የሚያስብ ወላጅ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ይችላል ወይ ነው ጥያቄያቸው።

መልስ 14 በአክብሮት መለሰላቸው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከአጋንንት ጋር የተዋዋለ ሰው ተጠቅሞ አይወጣም። አይዘንሆርንም የሚፈተነው በዚሁ ነው፤ ክፉን በክፉ መሣሪያ መምታት ይቻላል ወይ በሚለው። ንጉሠ ነገሥቱን ማምለክም በደራሲዎቹ ዘንድ የሚመሰገን አይደለም። ራሱ ከልክሎት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከወደቀ በኋላ አመለከው። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ ይህ ግዛት አርአያ እንዲሆን ሳይሆን እንዲተች የተፈጠረ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል።

መልስ 15 ግን አበላሸው። ሽማግሌ ስለማያውቀው ነገር ባይጽፍ ይሻላል የሚል ነበር። መምህሩ ተመልሰው ገቡ፤ መልስ 16 የእሳቸው ነው። ቁጣቸው ለስላሳ ነው፤ ግን ይሰማል። ወሎ ውስጥ አባት ስለ ልጁ ሲጠይቅ እንዲህ አይመለስለትም አሉ። መልስ 15ን የጻፈው ልጅ ይቅርታ ጠየቀ። የሐይቁ አባትም አብሽር አሉት፤ አለፈ።

መልስ 17 ክሩን ለረጅም ሰዓት ዝም አሰኘው። ከወልድያ የጻፈች እናት ናት። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን እንዴት እንዳዳረሳቸው ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቻችን ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ ሰምተው ያደጉ ናቸው አለች። ታዲያ ጦርነት የማያልቅበት ዓለም ፈልገን ልንሰጣቸው ነው? ለፈረንጅ ልጅ ተረት ነው፤ ለእኛ ልጅ ግን ተረት አይደለም። ከዚያ ወረድ ብላ የትኛው መጽሐፍ ይቅደም ብላችሁ ስትከራከሩ ማንኛችሁም ይህን አላነሳችሁም ብላ ወቀሰችን። ወቀሳው ተገቢ ነበር።

መልስ 18 ሲመጣ አመሻሽ ላይ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ያኔ ቤተሰቡን ይዞ በእግሩ ወጥቷል። አልተከራከራትም። ከጦርነቱ በኋላ ያነበበውን ብቻ ነገራት። ፈርስት ኤንድ ኦንሊ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ፣ የዚያው የዳን አብኔት የጋውንትስ ጎስትስ ተከታታይ መጀመሪያ ነው። ታኒዝ የምትባል ዓለም ወታደሮች ገና ክፍለ ጦራቸው በተቋቋመበት ቀን አገራቸው ትጠፋለች። አዛዣቸው ጋውንት መርጦ ነው ይዟቸው የወጣው፤ ቀርተው እንዲሞቱ አልፈቀደም። ግማሾቹ ለዚህ ይወዱታል፣ ግማሾቹ ለዚሁ ይጠሉታል። የሚመለሱበት ቤት የላቸውም። አንድ ልጅ የአገራቸውን የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋላቸዋል። ሰውየው ከመጽሐፉ የቀረለት ተኩሱ እንዳልሆነ ጻፈ፤ አገር ያጡ ሰዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚተያዩ ነው።

መልስ 19 በዚሁ ተከታታይ ሦስተኛ የሆነውን ኔክሮፖሊስን አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የወጣው። ቨርቩንሃይቭ የተባለች ግዙፍ ከተማ በንግድ በምትፎካከራት ጎረቤት ከተማ ትከበባለች። መጽሐፉ ከጄኔራሎቹ ይልቅ ከሕዝቡ ጋር ይቆያል። የማዕድን ቆፋሪ አለ፣ የማቅለጫ አለቃ አለ፣ የሌላ ሰው ልጆች ይዛ የምትሸሽ ወጣት አለች። ቀን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው ከተማቸውን የሚከላከሉት። ይህን መጽሐፍ ከልቤ እወደዋለሁ። ከጻፈው ሁሉ አብኔት ጦርነት ከተማን ምን እንደሚያደርግ ያወቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ወልድያዋ እናት መልስ 20 ላይ ተመለሰች። ለዘብ ብላለች፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። ለአዋቂ ይሁን፣ ኔክሮፖሊስን ራሷም ልታነበው ትፈልጋለች። ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ከከበባ ታሪክ አትጀምሩ አለች። ክርክሩን ወደ ዜኖስ ያዘነበለው መልስ 6 ሳይሆን የእሷ መልስ ነው። ከዚያ በኋላ የወታደር መጽሐፍ ያቀረበ አልነበረም።

መልስ 21 ዘ ኢንፊኒት ኤንድ ዘ ዲቫይንን ይዞ ሲገባ ክሩ መንገድ ሳተ፤ እኔ ግን በመሳቱ ደስ ብሎኛል። መጽሐፉን የጻፈው ሮበርት ራዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020። ውስጡ ሰው ዋና ባለታሪክ አይደለም። ትራዚንና ኦሪካን የተባሉ ሁለት የብረት አካል ያላቸው ጥንታዊ ፍጡራን በአንድ ቅርስ ምክንያት ለሺህ ዓመታት ይጣላሉ። ትራዚን ሰብሳቢ ነው። የየዓለሙን ቅርስ፣ አንዳንዴም ሕይወት ያለውን ሰው ጭምር ወስዶ ሙዚየሙ ውስጥ ያስቀምጣል። ለእሱ ይህ መዝረፍ አይደለም፤ ማትረፍ ነው።

መልስ 22 የተንታ ልጅ ነው። መቅደላ አምባ ሥር ነው ያደገው። ትራዚንን ሳነብ ሪቻርድ ሆልምስ ነው ፊቴ የመጣው አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲወጣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ አብሮ የመጣው ሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ፤ ከዚያ አምባው ተዘረፈ። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ጽዋው ሄደ። መልስ 23 ቀጠለ። 11 ታቦታት እስከ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ ለተመራማሪም አይከፈቱም። ታዲያ ለማንም የማይታይ ቅርስ ምን ተብሎ ይቀመጣል? ተንታው ልጅ መጽሐፉን የመቅደላ ቅርስ ይመለስ ለሚሉ ሁሉ እንዲነበብ መከረ። እንግሊዛዊ ኩባንያ ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ የዘራፊ ሙዚየም አመክንዮ እንዲህ ቁልጭ ብሎ መቀመጡ ደንቆታል። እኔንም።

መልስ 24 ወደ ጥያቄው እንድንመለስ አሳሰበን። አልተመለስንም። ከ25 እስከ 27 ያለው ስለ ዳታ ዋጋና በቴሌግራም ስለሚዘዋወር የተሰረቀ ፒዲኤፍ ነው፤ ስድብም ነበረበት። ከዚያ ውስጥ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ዜኖስ በቶቢ ሎንግወርዝ ድምፅ ተነቦ ይሸጣል። ልጁ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ቢያዳምጥ የቃላቱን አነባበብ አብሮ ይማራል።

መልስ 28 ላይ የኮምቦልቻ ሁለት ጓደኛሞች ጨዋታውን ራሱን እንደሚጫወቱ ተናገሩ። ፕላስቲኩ ውድ ነው፤ እዚህም አይገኝም። ዋናው የጨዋታ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በነጻ ይወርዳል። እነሱ በወታደር ፈንታ ቆርኪ ነው የሚያሰልፉት። ስፔስ ማሪን የሚባለው የግዛቱ ልዩ ወታደር መቆሚያ ክብ 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጠርሙስ ቆርኪም ወደዚያው ይጠጋል። ላዩ ላይ ወረቀት ይለጥፉና የወታደሩን ዓይነት ይጽፉበታል። የደሴውን ልጅ ቅዳሜ እንዲመጣ ጋበዙት። ከክሩ ሁሉ ልጁን በጣም የሚያስደስተው ይህ ግብዣ ይመስለኛል።

እህታችን መልስ 29 ላይ ብቅ አለች። ሁሉንም አንብባለች። ዜኖስ ይሁን ወይስ ኔክሮፖሊስ ብላ ከሁለት ላይ ቆማለች። መልስ 30 የእኔ ነው። ዜኖስን እንድታመጣ ጻፍኩላት። ልጁ የሚያውቀው ስፔስ ማሪንን ነው፤ ከቪዲዮው የማያገኘው ግን በዚያ ዓለም ውስጥ ተራ ሰው እንዴት እንደሚኖር ነው፤ ያን የሚያሳየው ዜኖስ ነው። ደግሞም አይዘንሆርን በሚለው ስም ሦስቱ ልቦለዶች በአንድ ጥራዝ ተጠርዘው ይሸጣሉ። ዘመድየው አንድ መጽሐፍ ነው ያለው፤ ያም አንድ መጽሐፍ ነው። ጥራዙ ወፍራም ስለሆነ ክብደቱን ግን አስቀድማ ትንገረው አልኳት።

መልስ 3፣ ያ ቁጡው የወልድያ ሰው፣ ወፍራም ጥራዝ ጀማሪን ያስፈራል ብሎ ተቃወመኝ። መምህሩ ገላገሉን፤ ልጁ ዜኖስን እስኪጨርስ ቀሪው ክፍል በወረቀት ተሸፍኖ በላስቲክ ይታሰር አሉ። እህታችን ተስማማች። ዘመድየውም ጥራዙን ሊይዝላት እሺ ብሏል። መልስ 5 የቃላት ዝርዝሩን ሁለት ገጽ አድርጎ ልኳል። አሁን ክሩ ላይ ያልተመለሰው የመጨረሻው ጥያቄ ከአማጺዎቹ ወገን መጀመር ስለሚፈልግ ሌላ ልጅ ነው፤ ሶል ሀንተር የተባለው ልቦለድ ይሁን ወይ ብሏል። ለእሱ ሌላ ክር ተከፍቶለታል።